ታምቡሮ ተሸክመን ወደ ዘንገና

ከዳንግላ የተነሳነው አርብ ጠዋት ነው፤ አባቴ፣ እኔና በጆንያ የተጠቀለለ አንድ የብረት ታምቡሮ። ታምቡሮ ማለት ከመኪና ጎማ ጀርባ የሚገባ፣ ድስት የመሰለ ብረት ነው። ፍሬን ሲረገጥ ሸራ የተለጠፈባቸው ሁለት ጎባጣ ብረቶች ከውስጡ ተከፍተው ይይዙትና መኪናዋ ትቆማለች። ክረምቱን ሙሉ መፍቻ አቀባይ ሆኜ ስለከረምኩ ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

የጉዞው ምክንያት እንዲህ ነው። ስምንተኛ ክፍልን አልፌያለሁ! (ደግሜ ብጽፈውም ደስ ይለኛል፤ አልፌያለሁ።) ዘጠነኛ የምማረው ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ሰኞ በትንሿ የጭነት መኪናቸው ድንች ጭነው ወደዚያው ይሄዳሉ፤ በጭነቱ ኪራይም ቤት ይይዙልኛል። ድንች ግን ቆይ ቢሉት አይቆይም፤ ነጋዴው ሰኞ ካልተጫነ ለሌላ መኪና እሰጣለሁ ብሏል። እናቴ ከነጋዴውም ትብሳለች። አምና መኪናዋ ከግቢያችን ቁልቁለት ተንሸራታ ጌሾዋን ጨፍልቃባታለች፤ "ፍሬኗ ካልተበጀ ልጄ አትሳፈርባትም" ብላ ምላለች።

ስለዚህ አባቴ ከአንድ ከተገለበጠ ትልቅ መኪና የተፈታ ሰፊ ፍሬን ከባሕር ዳር አስመጡና ራሳቸው ግቢያችን ውስጥ ይቀይሩ ጀመር። የፊቶቹ እሰየው ገቡ። የኋላዎቹን ሸራዎች አንድ ቀን ሲያስሩ ውለው መሸባቸው፤ በማግስቱ ታምቡሮውን ቢገፉት፣ ቢያዞሩት፣ በመዶሻ ቢመቱት በሸራው ላይ አላልፍ አለ። ግራውም ቀኙም ያው።

"ጠቧል፤ ቶርኖ ላይ መላጥ አለበት" አሉ።

ብረት እያሽከረከረ የሚልጠው ይህ ቶርኖ ያለው ከእንጅባራ ወዲያ፣ ዘንገና አጠገብ፣ የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ሁለቱን መሸከም ስላልቻልን አንዱን ይዘን ወጣን።

አዲስ ቅዳም

እህል በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ካፊያ እየወረደብን፣ ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወርዶ እያስገፋን አዲስ ቅዳም ደረስን። ሾፌሩ ግማሹን ጭነት እስኪያራግፍ አንዲት ሴት ቤት ገብተን የተቀቀለ ድንች በበርበሬ በላን። ሰኞ የምንጭነው ድንች፣ ዛሬ የምንበላው ድንች!

ሴትዮዋ ጆንያውን በእግሯ ነካ አደረገችው። "ድስት ነው? ልጅቷን ሊድሯት ነው መሰል።"

"የመኪና ፍሬን ነው" አሉ አባቴ። "እሷ የምትዳረው ለደብተር ነው።"

"ደብተር ቆሎ አይቆላ!" አለችና እየሳቀች ድንች ጨመረችልኝ። ድንቹን በላሁ፤ ነገሯን ግን አልረሳሁትም።

ዘንገና

እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ ሰውና ዛፍ አይለይም ነበር። ከዚያ ወዲያ መኪና ስለጠፋ ጆንያውን በእንጨት አንጠልጥለን፣ አባቴ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን በእግር ሄድን። አባቴ ረጅም ናቸው፤ ታምቡሮው እየተንሸራተተ ሁልጊዜ ወደኔ ይመጣል። ትከሻዬ መጀመሪያ አመመኝ፤ በኋላ ትከሻ እንዳለኝም ረሳሁ።

አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ በፈረስ ደረሱብን። ከአባቴ ጋር በአገውኛ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ወርደው ጆንያውን ፈረሱ ላይ ጫኑልን።

"የኔ ፈረስ ፍሬን አይፈልግም። ቁም ስለው ይቆማል" አሉኝ።

"ቁልቁለት ላይስ፣ አያ?"

"ቁልቁለት ላይማ እኔ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ!"

በዚያ ሁሉ መንገድ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው። የዘንገና ሐይቅ ከዛፎቹ በታች ክብ ሆኖ ተኝቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ቁጭ ብዬ አየው ነበር፤ የዚያን ቀን የታየኝ ትልቅ ታምቡሮ ብቻ ነው።

የቶርኖው ሠራተኛ ጋሼ መርሻ ቁጡ ሰው ናቸው። ታምቡሮውን አገላብጠው አዩና "ሸራው የታል?" አሉ።

"ዳንግላ።"

"ጫማ ጠበበኝ ብሎ እግሩን እቤት ትቶ የሚመጣ ሰው ዛሬ አየሁ!"

ያም ሆኖ የታምቡሮውን ከንፈር ላጡልን። ከዚያ በላይ ግን እምቢ አሉ። "ከሳሳ ሲግል ይሰነጠቃል፤ ልጅቱን ገደል ልትከታት ነው?"

እዚያው አደርን። ቅዳሜ መመለሻችን የባሰ ነበር፤ ገበያ ስለሆነ መኪናው ሁሉ ሞልቶ ያልፈናል። አዲስ ቅዳም ድረስ በእግር ሄድን። ከዚያ አንዱ አዝኖልን አሳፈረን።

ቤት

አባቴ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ታምቡሮውን አንስተው ገፉት። አልገባም። አሁንም ገፉት፤ ከዚያ አስቀመጡትና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"በቃ፣ ጥሩዬ። ለከርሞ ይሁን።"

ከኔ በፊት "ለከርሞ" የተባሉት ሁለቱ ጓደኞቼ ዛሬ ልጅ አዝለዋል። እንባዬን እንዳያዩብኝ ጋቢና ገብቼ በሩን ዘጋሁና ወንበሩ ላይ ልጋደም ስል ጉልበቴ ከብረት ጋር ተጋጨ። የእጅ ፍሬኑ ሽቅብ ተስቦ ቆሟል። እግሬን የምዘረጋበት ቦታ ስፈልግ ወደ ታች አወረድኩት።

ከኋላ "ቀጭ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ምን ሰበርሽ?!" አባቴ ጮኹ።

"ምንም! የእጅ ፍሬኑን ነው ያወረድኩት!"

ታምቡሮውን እንደገና አንስተው ገፉት። ወርጄ ስሮጥ ታምቡሮው ሸርተት ብሎ ቦታው ገብቷል። ያልተላጠውንም አነሱት፤ ገባ። ለካ የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ የኋላዎቹ ሸራዎች ተከፍተው ይቀራሉ። ታምቡሮው ጠቦ አያውቅም!

"እኔ አውርጄው ነበር! ማነው የሳበው?"

"እኔ ነኛ" አለች እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ። "ማታ ማታ እስበዋለሁ። ሳይሳብ እንዳያድር ያሉት እርስዎ አይደሉ? ጌሾዬን ደግሞ ላስጨፈልቅ?"

"ጎማዋ ወልቆ ሳለ?!"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?"

"ማን ጠየቀኝ?"

አባቴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ቁጣም አቅም ይጠይቃል። ጭቃ በያዘ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው ይስቁ ጀመር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ ከቤት ርቄ መፍትሔ ከመፈለጌ በፊት እቤት ያለውን ሰው ልጠይቅ። ትከሻዬ ይህን እስካሁን ያስታውሰኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ "እኔ ራሴ ካላየሁ" ብላ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋቢና ገባች። እኔ ከጎኗ ሆንኩ። እጇ የእጅ ፍሬኑን ጨብጧል። አባቴ መኪናዋን ቁልቁል ለቀቋት፣ ረገጡ፤ ጌሾው ሳይነካ ቆመች።

"ይድገሙት" አለች። ደገሙት። "አሁንም።"

በሦስተኛው እጇን ከብረቱ አንስታ ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው።

"በይ ተነሺ፤ ልብስሽን አጣጥፊ።"