የምሥራቁ በር ሚዛን

ማስተዋል ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን የሚገባውን ጆንያ እየመዘነች በደብተር ስትጽፍ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የመተማ ልጅ ናት፤ ሰሊጥ ለማጨድ ድንበር ከተሻገሩ ዘመዶቿ ጋር መጥታ እዚያው ቀረች። ዓረብኛ የተማረችው ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ነው።

በጦርነቱ ከካርቱም የተፈናቀለች ጠይባ የምትባል ሴት በመጋዘኑ ቢሮ ተቀጠረች። አንድ ቀን ማስተዋል ደብተሯን ልታስረክብ ስትገባ፣ ጠይባ የወሩን ጆንያ ሁሉ ላፕቶፗ ላይ በቅጽበት በመጣበት አካባቢ ስትከፋፍለው አየች።

«ምን አድርገሽው ነው?»

«ኤክሴል ነው። አንቺ ትጠይቂዋለሽ፣ እሱ ይደረድርልሻል።»

«የፈለግሁትን?»

ጠይባ ሳቀች። «መልሱ ደብተርሽ ውስጥ ካለ፣ የፈለግሽውን።»

ከዚያ ወዲህ መብራት ባለ ቁጥር የምሳ ሰዓታቸው ትምህርት ሆነ። ፎርሙላው መጀመሪያ አስመረራት፤ አንዲት ቅንፍ ከረሳች ስህተት ይላታል። ቢሆንም በሦስት ወር ውስጥ ያለፈውን ዓመት ደብተር ላፕቶፑ ላይ ራሷ ጽፋ ጨረሰች።

መጀመሪያ ከድንበሩ ከፋሽጋ የሚመጣው ሰሊጥ ከሌላው ይከብድ እንደሆነ ጠየቀች። ልዩነት የለውም። በሰዓት ስትከፍለው ግን የከሰዓቱ ጆንያ ከጠዋቱ በሁለት ኪሎ ያንሳል።

«መኪና ላይ ሲጠብቅ ፀሐይ አድርቆት ይሆናል» አለች ጠይባ።

ማስተዋል አላመነችም። ጠዋት የምትመዝነው በምዕራቡ በር ሚዛን ነው፣ ከሰዓት በምሥራቁ። በማግስቱ አንዱን ጆንያ ተሸካሚዎቹን ለምና በሁለቱም ሚዛን አስጫነችው። በምዕራቡ ዘጠና፣ በምሥራቁ ሰማንያ ስምንት!

ሥራ አስኪያጁን ኢሀብን ጠርታ አሳየችው። «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቆመሽ ዛሬ ነው የታየሽ?» አላት።

«ጆንያ ለጆንያ አይታይማ። ተሰብስቦ ሲቀመጥ ነው የታየኝ።»

ሚዛኑ ያን ሳምንት ተጠገነ፤ እሷንም ጠይባ አጠገብ ጠረጴዛ ሰጧት። ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ጋሽ ወልደ ማርያም የሚባሉ ያገሯ ሰው አምና «ጆንያዬ እዚህ ሲደርስ ይቀንሳል» ቢሏት፣ ተሳስተዋል ብላ መልሳቸው ነበር።

ሰሊጥ ይዘው ሲመጡ ጠብቃ፣ «ጋሽዬ፣ ልክ ነበሩ፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» ብላ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ልዩነት ላፕቶፑ ላይ አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። «ይኸ ነው የነገረሽ? እስቲ ምን ብለሽ እንደጠየቅሽው አሳዪኝ።»

ወንበር ሳበችላቸው።