ወንድሜን የወጋው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከዘንዘልማ ስመለስ ሚኒባሳችን መንገድ ላይ ቆመ። የሁለት ሰፈር ጎረምሶች ተጣልተው ድንጋይ ይወራወራሉ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ «ሰብስቦ ማሰር ነበር እነዚህን!» አሉ። በወጣትነቴ እኔም ከዚህ የባሰ ተመኝቻለሁ።

ሃያ ዓመት የሞላኝ ልጃገረድ ነበርሁ። ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ቡድን አበጅቶ፣ ቱሪስት ወደ ዘጌ የምናሻግረው እኛ ነን በሚል ከወዲያኛው ሰፈር ልጆች ጋር ጀልባ መነሻው ላይ ይደባደብ ነበር። አንድ ቀን ዮናስ የሚባል ልጅ ጎኑን በጩቤ ወጋው። ነፍሱ ለጥቂት ተረፈች። ዮናስ ታስሮ ሲፈታ የእኛ ልጆች ደሙን ሊመልሱ ተማማሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩን የያዙት መሪጌታ ባዬ ናቸው፤ ዘጌ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ሁለቱም ሰፈር የሚያከብራቸው ሽማግሌ። ወላጆችን ብቻ ማስታረቁን እንቢ አሉ። «አባትና አባት ቢታረቅ ምን ይረባል? ጩቤው ያለው ልጆቹ እጅ ነው!» ክረምቱን ሙሉ ጥላቸውን ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ልጆቹን በየቤታቸው አነጋገሩ። እኛ ቤት ሲመጡ ትኩስ ንፍሮ አቀርብላቸው ነበር።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«እሱም እንዲያመው።»

አልተቆጡኝም። «እንግዲያው ራስሽ ንገሪው» አሉ።

መስከረም ላይ፣ ጭቃው ጠፈፍ ሲል፣ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ዮናስ እንደ ደንቡ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ መጣ። ከእኔ የባሰ የከሳ ልጅ ነው። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ።

«ወንድሜ በተገላበጠ ቁጥር እናቴ ከእንቅልፏ ትባንናለች» አልሁት።

አለቀሰ። ደሳለኝ ተነሥቶ ድንጋዩን አወረደለት። «ላንተ ብዬ አይደለም» አለው፤ «እኔም ሰው ስፈራ መዋል ሰልችቶኛል።»

ወዳጅ አልሆኑም። ሁለት ልጆች ዕርቁን ረግጠው ወጡ፤ አንደኛው ኋላ በሌላ ጠብ ሞተ። የቀሩት ግን በመሪጌታ ምክር ጀልባውን ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቁ ይሠሩበት ጀመር።

ማሰሩም አስፈላጊ ይሆን ይሆናል፤ ዮናስም ታስሯል። ነገር ግን እስሩ የእኛን ልጆች መሐላ አልፈታውም፣ የእኔንም ልብ አላበረደውም። ለዚያ አንድ ሰው ክረምቱን ሙሉ በየደጁ መመላለስ ነበረበት። ዛሬ ያን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ሽማግሌ ስፈልግ፣ ዕድሜዬን ቆጥሬ እደነግጣለሁ፤ ተራው የእኔ ሆኗል።