የቅጣው አውሮፕላንና የንብ ሕግ

ቅጣው ዘበነ ቁጭ ብሎ መዋል አልተፈጠረለትም። ሰቆጣ ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ እጁ ወርቅ ነው፣ መቀመጫው ግን ጉድ ነው። ሬዲዮህን ሰጥተኸው ማታ ብትመለስ ሬዲዮው ተሠርቶ ሲዘፍን ታገኘዋለህ፣ ጠጋኙን ግን አታገኘውም። የት ሄደ? መናኸሪያ። የወልድያው አውቶቡስ ሞተሩ ያስነጥሳል ሲሉ ሰምቶ ሊያይ። መናኸሪያ ስትደርስ ደግሞ ወፍጮ ቤት ወርዷል፤ የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሷል አሉ። ሚስቱ ምስራቅ «እኔ ያገባሁት ሰው አይደለም፣ ነፋስ ነው» ትላለች። ትላለች እንጂ ትወደዋለች።

ተወልዶ ያደገው ኒሯቅ አጠገብ ነው። አባቱ አያ ዘበነ ንብ አርቢ ነበሩ፤ በአካባቢው የታወቁት ግን በማራቸው ሳይሆን በዓይናቸው ነው። ንብ ቀፎ ለቆ ሲወጣ የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነው፦ ባለቤቱ ዓይኑን ከመንጋው ሳይነቅል ይከተላል። የሰው ማሳ ቢረግጥ፣ የሰው አጥር ቢዘል፣ ማንም «ወዴት?» አይለውም። መንጋው የትም ቢያርፍ የሱ ነው። ዓይኑ አንዴ ከሳተው ግን አለቀ ደቀቀ፤ ንቡ ላረፈበት ሰው ሲሳይ ይሆናል። አያ ዘበነ በጉልምስናቸው ዘመን አንድም መንጋ ከዓይናቸው አምልጦ አያውቅም ይባላል። እሾኹ እግራቸውን ሲበላው እንኳ ወደ ታች አያዩም።

ቅጣው አባቱን እየተከተለ ሲሮጥ ሐሳቡ ንቡ የማን ነው ላይ አልነበረም። ምን ይዞት ነው የማይወድቀው? ያን ጥያቄ ይዞ ነው ደርግ ወድቆ አገር ሲረጋጋ ሰቆጣ የገባው። ተሸካሚ ሆነ፣ ተወው። የአውቶቡስ ረዳት ሆነ፣ እሱንም ተወው። ሬዲዮን ያልተወው አንዱን ፈቶ ሲጨርስ ሌላ ስለሚመጣለት ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ታናሽ እህቱ አገኘሁሽ ከጅዳ በሰው እጅ ዕቃ ላከችለት። እሱ የለመናት መበየጃ ነበር። የመጣው ግን፣ እናንተዬ፣ ክንፉ ክንድ የሚያህል፣ በባትሪ የሚሠራ፣ በሪሞት የሚነዳ ነጭ አውሮፕላን ነው! «መበየጃማ የትም ታገኛለህ፤ አንተ ስትፈልግ የኖርከው ይሄንን ነው በዪልኝ» ብላ ነበር ለመልእክተኛዋ የነገረቻት። ቅጣው አውሮፕላኑን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ገበያ መሀል አስነሣው፤ በርበሬ ጆንያ ላይ ተከሰከሰና ገበያተኛው ሁሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ፖሊስ መጥቶ «ፈቃድ አለህ?» አለው። የለውም። ፈቃድ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ ጀመረ።

«ሰው ይጭናል?» አለው የመጀመሪያው ሹም።

«አይጭንም ጌታዬ።»

«እንግዲያው አውሮፕላን አይደለም። እኛን አይመለከትም።»

ሁለተኛው ቢሮ ደግሞ፣ «ይበራል?» አለው።

«ይበራል።»

«እንግዲያው መጫወቻ አይደለም። እኛንም አይመለከትም። ከአዲስ አበባ መመሪያ እስኪመጣ ጠብቅ።»

ቅጣውን ጠብቅ ማለት ውሃን ሽቅብ ፍሰስ ማለት ነው። አውሮፕላኑን ታቅፎ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ ሄደ። አልፎ አልፎ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ነው። ጠባቂው ተስፋው የሚባል ሸበቶ የቀድሞ ወታደር ነው፤ ሥራው በፊሽካ ከብት ማባረርና አውሮፕላን ሲመጣ ጨርቅ መዘርጋት ነው። ነጭ ከተዘረጋ «እረፍ» ማለት ነው፣ ቀይ ከተዘረጋ «አትረፍ»።

«እዚህ ከአሞራ በቀር የሚበር የለም። አሞራውንም ብችል ባባርረው ደስ ይለኝ ነበር» አለ ተስፋው።

«አያ ተስፋው፣ እንደ ንብ ይቁጠሩልኝ» አለ ቅጣው። «ዓይኔን ሳልነቅል እከተለዋለሁ።»

ተስፋው የንብ አገር ሰው ነውና ሳቅ አመለጠው። ሳቀና ተሸነፈ።

«እሺ፣ በንብ ሕግ እንተዳደር» አለው። «አውሮፕላን የሚመጣ ቀን ዝር እንዳትል። ከዚያ ባሕር ዛፍ ጫፍ በላይ አታውጣው። በሰውና በከብት አናት ላይ አታሳልፈው። ዓይንህ እስከያዘው ድረስ ያንተ ነው። ዓይንህ ከሳተው ሮጠህ መጥተህ ‹ጠፋኝ› በለኝ። ልትደብቀኝ ብታስብ ግን ወዮልህ! የት እንዳለ ሳላውቅ ማንንም አላሳርፍም።»

ቅጣው ማለ። ወራት ሙሉም መሐላውን ጠበቀ፤ ይህን መመስከር ያስፈልጋል።

በዚህ መሀል የአያ ዘበነ ዓይን ጠፋ። ሞራ ነው፤ መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ ቀኙ። ንብ ከሸለቆ ማዶ የሚከተሉት ሰውዬ በር መለየት አቃታቸው። በሚያዝያ ግን ወሬ መጣ፦ የዓይን ሐኪሞች በአውሮፕላን መጥተው ለጥቂት ቀን ሞራ ይገፍፋሉ! ቅጣው በረረ ማለት ይቻላል፤ ኒሯቅ ወርዶ አባቱን በበቅሎ አመጣቸው። አያ ዘበነ መንገዱን ሙሉ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣና ሲያንጎራጉሩ ነበር። «ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው ያንተን ፊት ነው» አሉት። «ሽበት አብቅለሃል አሉኝ፤ ልመን?»

በዕለቱ ሜዳው ዳር ሕዝብ ነው። ከሰሃላ ሳይቀር በሰው እጅ ተመርተው በእግር የመጡ አሉ፤ በየግራሩ ሥር ዱላቸውን ተደግፈው በተርታ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኑ ጠዋት ይደርሳል ተብሎ ነበር። ጠዋቱ አለፈ። ቅጣው ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ውሃ አመጣ፣ የአባቱን ጋቢ አስተካከለ፣ መልሶ አበላሸው። ረፋዱም አለፈ። «ቀረ፤ ነገ ነው አሉ» አለ አንዱ። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፣ ወሬው ግን ተርታውን ዞረ።

ያ ቅጣው የራሱን ትንሽ አውሮፕላን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል! ምስራቅ ከቤት ሲወጣ «ዛሬ እንኳ ተወው፣ በሞቴ!» ብላው ነበር። «መች አበርረዋለሁ፣ ላሳያቸው ነው» አላት። ማየት ለማይችሉ ሰዎች ሊያሳይ! ምን ይባላል እንግዲህ? ከቀረ ምን ቸገረኝ፣ አንዴ ብቻ አለና ከጉብታው ጀርባ ዞሮ ለቀቀው።

የቀትር ነፋስ ነበር። ነጥቆ ከባሕር ዛፉ ጫፍ አሳለፈው። ሪሞቱን ተጫነ፣ እንቢ። ነጩ ነገር ወደ ፀሐይ ገባ። ቅጣው ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ድረስ አፈጠጠ፤ ፀሐይ ብቻ ናት።

ያን ጊዜ ከተራራው ማዶ የሞተር ድምፅ መጣ።

ሜዳው በእልልታ ተቀወጠ። ተስፋው ነጩን ጨርቅ ዘርግቷል። ቅጣው ወደ እሱ ሮጠ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። አባቱን አያቸው። አያ ዘበነ ቆመዋል፤ ዱላቸውን ጥለው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዙረዋል፣ ይስቃሉ። ቅጣው ዝም ቢል አውሮፕላኑ ያርፋል። የጠፋው የሱ መጫወቻ የዶሮ ያህል እንኳ የማይመዝን ነገር ነው፤ ወድቆም ይሆናል። ወድቆ ባይሆንስ? የአውቶቡስ ሞተር ውስጥ የገባች አንዲት ብሎን ምን እንደምታደርግ ያውቃል። ይሄ ደግሞ አየር ላይ ነው፣ ውስጡ ሰው አለ።

«አያ ተስፋው! ጠፋኝ!»

ተስፋው ዞረ። ፊቱ ደም መሰለ። «አንተ የተረገምክ! ወደቀ ወይስ ጠፋህ?»

«ወደቀ» ማለት ብቻ ነው እንግዲህ፣ አውሮፕላኑ ያርፋል። አንዲት ቃል። ከንፈሩም ተንቀሳቅሶ ነበር።

«ሲወድቅ አላየሁም» አለ ቅጣው።

ተስፋው እየተሳደበ ነጩን ጠቀለለና ቀዩን ዘረጋ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ዞረ፤ ሁለተኛ ዞረ። ቅጣው ሰማዩን በዓይኑ ቢበረብር ምንም የለም። ድምፁ ወደ ላሊበላ በኩል እየቀጠነ ሄደ፣ ጠፋ። እልልታው አላቆመም ነበር። ያርፋል ብለው ነው።

«አንተ ንገራቸው፤ እኔ አፍ የለኝም» አለ ተስፋው።

ቅጣው ከተርታው ጫፍ ጀመረ። «አላረፈም፤ ሄደ። ያባረርኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዳንዱ ረገመው፣ አንዳንዱ አለቀሰ። መንግሥቴ የሚባሉ የሰሃላ ሽማግሌ ዱላ ሰነዘሩበት፤ ሳቱት። የመጨረሻው አባቱ ነበሩ።

«በላኸኝ፣ ልጄ» አሉ አያ ዘበነ። «በላኸኝ።»

ቅጣው እግራቸው ሥር ተደፋ። እጃቸው ራሱን ፈልጎ አገኘው።

«ጠፋኝ ያልከው ራስህ ነህ አሉኝ።»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ ብሆን አልል ይሆናል» አሉ።

በማግስቱ ማንጠግቦሽ የምትባል የሜዳው ጎረቤት ነጩን አውሮፕላን ይዛ መጣች። ዶሮዎቿ መሀል ነው ዱብ ያለው፤ የሞተሩ ድምፅ ከመሰማቱ በፊት። ከመሰማቱ በፊት! ሰማዩ ባዶ ነበር ማለት ነው። ቅጣው ሊቀበላት እጁን አልዘረጋም። «ዓይኔ ስቶታል፤ ያንቺ ነው» አላት። ወስዳ ጓሮዋ ላይ ለወፍ ማስፈራሪያ ሰቀለችው።

ሐኪሞቹ ያን ዓመት አልተመለሱም፤ ሌላ አገር ይጠብቃቸው ነበር። አያ ዘበነ ኒሯቅ ገቡ፣ ቅጣውም ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ወረደ። ያ ነፋስ የተባለ ሰው በዓይነ ስውር እርምጃ መሄድ ተማረ። ሲቸኩል ትከሻውን ጨበጥ ያደርጉታል። አባቱ በታኅሣሥ አረፉ።

ሐኪሞቹ የመጡት በተከታዩ ሚያዝያ፣ በመኪና ነው። ቅጣው ማንም ሳይጠራው ሄዶ፣ መሪ የሌላቸውን ከመናኸሪያ እየተቀበለ ይመራ ጀመር። ከመራቸው አንዱ እኒያ መንግሥቴ ነበሩ። በማግስቱ ፋሻቸው ሲፈታ ፊታቸው የቆመው እሱ ነው። «ይታይዎታል?» ሲላቸው ዓይናቸውን አርገበገቡና ድምፁን አስታውሰው፣ «ያኔ ያባረርክብን አንተ ነህ?» አሉት።

«ነኝ አባቴ።»

ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሰው ትመስላለህ እኮ!» አሉ። «እኔ ዓመቱን ሙሉ ቀንድ አብቅዬልህ ነው የከረምኩት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቅጣውም ሳቀ። ሽማግሌው ገና አልጠገቡም፤ ሽበቱን፣ አፍንጫውን፣ ሁሉን ያያሉ።

«አባትህም አብረውን ነበሩ አይደል?» አሉ። «እሳቸውስ? አዩ?»

«አላዩም» አለ ቅጣው።