ግጥሜን ያበላሸችልኝ ዘፋኝ

የሷን ዘፈን የማይወድ ሰው ጆሮ የለውም ብዬ ስከራከር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ከመተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስንሻገር፣ ከልብሴ በፊት የምይዘው ዘፈኖቿ ያሉበትን ስልክ ነበር። ጎንደሬ ናት፤ የምትኖረው ግን ካርቱም ነው። ገዳሪፍ ውስጥ ሠርግ ወይም ክርስትና ሲኖር ከባለማሲንቆዋ ጋር ትመጣለች። ጓደኞቼ "ሚስትህ መጣች" እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እኔም አላስተባብልም።

ውለታዋ ግን ሌላ ነው።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ እርሻ ላይ ስናጭድ፣ አንድ ዳስ ሥር ስናድር፣ እናታችን መተማ ሞተች። ወሬው የደረሰው ለሱ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ በቀኑ ካላጨዱት ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ወንድሜ አፉን ዘግቶ አሥራ ስምንት ቀን አብሮኝ አጨደ። እኔ እየዘፈንኩ አጨድኩ። ሥራው ሲያልቅ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች መጥተው አረዱኝ።

መርዶ ሰዓቱ ተጠብቆ እንደሚነገር ጠፍቶኝ አይደለም። አንድ ቀን ይሁን፣ ሁለት ቀን ይሁን። አሥራ ስምንት ቀን ግን ከእናት ሰሊጥ ማስበለጥ ነው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኩትም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ፤ ሁለቴም መለስኳቸው። እልኸኛ ነኝ፤ ይህን ለማወቅ ሰው መጠየቅ አያስፈልገኝም።

በዚህ መሃል እሱ ገዳሪፍ ውስጥ ቤት ይዞ አገባ፤ ሴት ልጅም ወለደ። ክርስትናዋ ላይ አጎቷ ቢቀር ነውር ነው ብለው ጎረቤቶች ጎትተው ወሰዱኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የሄድኩት ያቺ የምወዳት ዘፋኝ እንደምትዘፍን ስለሰማሁ ነው።

በኛ ወግ እንግዳ ለዘፋኝ ግጥም ይሰጣል፤ እሷም የተሰጣትን ተቀብላ ታዜማለች። ሰው ባለቤቱን ያስመሰግንበታል፣ ጓደኛውን ይተርብበታል። እኔ ግን ወንድሜን በሰው ሁሉ ፊት ላዋርደው፣ ዳግመኛ እርቅ የሚባል ነገር እንዳያስብ ላደርገው ቆርጬ ተነሣሁ። ጠጋ ብዬም ይህን ነገርኳት፤

"ሰሊጥ እንዳይረግፍ መርዶ የደበቀ፣
ወንድሜ አትበሉት ልቡ የደረቀ።"

የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳለ ለቀቀችው። ታሪካችንን የማያውቅ ሰው አልነበረምና ሁሉም ወደ ወንድሜ ዞረ። ሁለተኛው ስንኝ ግን የኔ አልነበረም፤

"ብቻውን አልቅሶ ስንት ቀን ዘለቀ።"

ተናደድኩ። የተሰጣትን የማትል ምን ዓይነት ዘፋኝ ናት ልል አፌን ስከፍት ወንድሜን አየሁት። የውሃ ጆግ እንደያዘ ቆሞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያኔ እነዚያ ቀናት አንድ በአንድ መጡብኝ። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ደጋግሞ ይታጠብ ነበር። ምሳ አልበላ ሲል ሙቀቱ ነው ይለኝ ነበር። እኔ ስዘፍን ራቅ ብሎ ሌላ መስመር ይይዝ ነበር። ለካ እናት የሞተችበት እኔ ብቻ መስሎኝ ኖሯል። ሄጄ ጆጉን ከእጁ ተቀበልኩት።

"ኻላስ፣ ይበቃል ወንድሜ" አለኝ። ለኔ ይበለው ለራሱ እንጃ። ተቃቅፈን በክርስትና ቤት ለእናታችን አለቀስን፤ እንግዳውም አብሮን አለቀሰ።

በኋላ የሱዳን ጦርነት ዘፋኟን ከካርቱም ሲያስለቅቃት፣ ወደ መተማ ልትሻገር ገዳሪፍ መናኸሪያ ወርዳ አገኘናት። ወንድሜ መኪና ሊያፈላልግላት ሄደ። እኔ የዓመታት ምስጋናዬን ላደርስ ተጣደፍኩ።

"እትዬ፣ ግጥሜን አበላሽተሽ ወንድሜን መለስሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አልኳት። ለምን እንደቀየረችውም ጠየቅኋት።

"ያንተን ስንኝ እንዴት አድርጌ ልዝፈነው?" አለችኝ። "አንተ ስትነሣ ወንድምህ ሲያይህ ፊቱ በርቶ ነበር። 'ወንድሜ ለልጄ ግጥም ሊሰጥልኝ ነው' ብሎ ለጎረቤቱ ሲናገር ሰማሁት።"