የግራጫ ማሊያዎቹ ሲዝን

ወደ ኮሌጃችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የመጣው አዲሱ ዋና አሰልጣኝ፣ ገና በመጀመሪያው ልምምድ ለሁለት ከፈለን። እሱ ያመጣቸውን ልጆች በአንድ በኩል፣ ከድሮው አሰልጣኝ የተረፍነውን በሌላ በኩል አቆመና ለእኛ ግራጫ ማሊያ አደለን።

«እናንተን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «መሄድ ለምትፈልግ በሩ ክፍት ነው።»

ኮሌጁ አሌክሳንድሪያ ነው፤ እኔ ከአባቴ ጋር የምኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሦስተኛ ዓመት ገብቼ ነበር። ባለፈው ሲዝን ኳስ ይዤ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነበርኩ። አሁን ሥራችን የሚቀጥለውን ተጋጣሚ መስለን መጫወት ሆነ። ከአዲሶቹ አንዷ ስትስት የምንሮጠው ግራጫ የለበስነው ነን፤ እነሱ ውሃ እየጠጡ ያዩናል። መጀመሪያ ያፍሩ ነበር፤ በኋላ ለመዱት። አንድ ቀን ከጀማሪነታችን አብራኝ የተጫወተች ጓደኛዬ ስትሮጥ ቆይታ ሜዳው ላይ አስመለሳት። አሰልጣኙ ፎጣ ወረወረላት።

«ጥረጊው፣ ሰው እንዳያዳልጠው።»

ተንበርክካ ጠረገች። በማግስቱ የልብስ ሎከሯ ባዶ ነበር።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ትቶ ጌም ይመጣል፤ ከተቀያሪዎቹ ቤንች ጀርባ ተቀምጦ እስክገባ ይጠብቃል። አልገባም።

«እግርሽን አሞሻል እንዴ?» ይለኛል መኪና ውስጥ።

«ትንሽ» እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ በሰፊ ልዩነት እየመራን፣ መጨረሻ ላይ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ገቡ። ጨዋታው እንዳለቀ አባቴ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አሰልጣኙ ጋ ወረደ። ሲናደድ እንግሊዝኛ አይናገርም፤ ክፉ ቃል እንዳያመልጠው ይፈራል።

«ልጄ ምን ጎደላት ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ።

ጠየቅኩለት። አሰልጣኙ አባቴን እያየ መለሰልኝ።

«ልጅህ ቀርፋፋ ናት በይው። ሰውነቷ ለዚህ ጨዋታ አልተሠራም። ያላባረርኳት ሌሎቹ የሚለማመዱባት ሰው ስለሚያስፈልገኝ ነው። በይ፣ ትራንስሌት አድርጊለት።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «እግሯ እስኪድን ብዬ ነው ይላል። ጎበዝ ናት አለ።»

አባቴ የአሰልጣኙን እጅ ጨብጦ «ቴንኪው ኮች» አለና ወጣን።

የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ብዙ ነዳ።

«ያለውን ሰምቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ስጭን እንግሊዝኛ ያልገባኝ መሰለሽ?»

አለቀስኩ። የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰውየው ልክ ነው» አለ። «እኔም አይቼሻለሁ፤ እነዚያ ልጆች ይበልጡሻል። እኔን ግን ለምን ታሞኚኛለሽ? ከእንግዲህ ቅዳሜዬን በከንቱ አላቃጥልም።»

አላቃጠለም። በአውቶቡስና በሜትሮ መመላለስ ጀመርኩ። ማቆም ግን አልፈለግኩም፤ ካቆምኩ ሁለቱም ልክ የሚሆኑ መሰለኝ። ክረምቱን ሙሉ ግራጫዬን ለብሼ ሮጥኩ። ፍጥነት አልጨመርኩም።

ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ በላ። ሜዳው መሃል ፎቶ ሊነሱ ሲሰበሰቡ እኔም ሄጄ ከዳር ቆምኩ። አሰልጣኙ አየኝና የልጆቹን ጃኬቶች ሰብስቦ አሸከመኝ። «እዚያ ጋ ሆነሽ ያዥልን» አለ። ፎቶ አንሺው ጨርሶ እስኪሄድ ይዤ ቆምኩ።

ቤት ስደርስ አባቴ ለማታው ሥራ ጫማውን እያሰረ ነበር።

«አሸነፋችሁ?» አለኝ።

«አሸነፉ» አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። ቁልፉን አንስቶ ወጣ።