ከኪየቭ የመጣ ሕመም

ወንድሜ ኩሩ ነበር። የዋዛ ኩራት እንዳይመስላችሁ፤ መኪናው በረዶ ውስጥ ቢቀረቀር «ግፉልኝ» ከሚል እዚያው ቢያድር የሚመርጥ ሰው ነው። ሐኪሙ አንገቱ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር መሆኑን የነገረን ቀንም፣ ገና መኪና ውስጥ ሳንደላደል፣ መጀመሪያ ያለኝ ነገር ምን መሰላችሁ? «እትዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ለማን እናገራለሁ?»

«አንቺ? እሁድ ለቸርች ትነግሪያለሽ። ስሜን በስክሪን ላይ የጸሎት ርዕስ ያደርጉታል። ከዚያ ሚኒሶታ ያለ ሐበሻ ሁሉ ባየኝ ቁጥር አንገት አንገቴን ያያል።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ እውነቱን ነዋ! እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የእኛ ሰው ደግሞ የታመመ ካለ ዝም ብሎ አይጸልይም። «የእማዬ አጥንት ይውጋኝ በይ» አለኝ። አማኝ ስለሆንኩ አልምልም ብለው «እንግዲያው ቃል ግቢ» አለ። ምን ላድርግ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። ቃል ገባሁ።

ነገሩ ከሩቅ የመጣ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበር። ቼርኖቤል የሚባለው የኒውክሌር ጣቢያ ሲፈነዳ እሱ እዚያው አጠገብ ኪየቭ ከተማ ተማሪ ነው። ለቀናት ማንም ምንም አልነገራቸውም። የሜይ ዴይ ሰልፍ ወጥተው ባንዲራ እያውለበለቡ ሲጨፍሩ ዋሉ። «መንገዱን በየቀኑ በውሃ ማጠብ ሲጀምሩ ነው አንድ ነገር እንዳለ የገባን» ይለኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከእሱ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛ ነበረው። ወንድም ማለት ነው፤ ከአንድ ብርድ ልብስ ሥር ያጠኑ፣ አንድ ኮት እየተቀያየሩ የለበሱ። እግዜር ሲያደርገው ሁለቱም ዞረው ዞረው እዚሁ ሚኒሶታ ተገናኙ። ወንድሜ ከእኔ ጋር ኢገን ከተማ፣ ጓደኛው ጎረቤታችን ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ።

ሐኪሙን «ከዚያ የመጣ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙም ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፣ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም አለው። ከካንሰሩ ይልቅ ወንድሜን የበላው ይህ መልስ ነው። ሳህን እያጠበ፣ ካልሲ እያደረገ፣ ድንገት ቀና ይልና «ሌሎቹስ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?» ይላል። ሌላ ሰው ካለ የተሠራብን ሥራ ነው፣ እኔ ብቻ ከሆንኩ ግን የራሴ እርግማን ነው፤ እንዲህ ነበር የሚያስበው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «እኔንም አሞኛል» ቢለው ያርፍ ነበር።

የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር፣ እግዚአብሔር ይባርካትና፣ ፈልጋ ፈልጋ ከዚያ አገር የመጡ ሰዎች የሚሰባሰቡበትን አንድ ማኅበር ሚኒያፖሊስ አገኘችለት። ኦፍ በነበርኩበት ቀን ድራይቭ አድርጌ ወሰድኩት። ሁሉም ፈረንጅ፣ አብዛኞቹ አሮጊቶች። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ልጇን በዚያ ነገር ያጣች። ወንድሜ በሩሲያኛ አፉን ሲከፍት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው! አንዷማ ጉንጩን ይዛ እንደ ልጅ ሳመችው። በመመለሻችን ግን መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር። በኋላ «ለእነሱ እዚያ የቼርኖቤል ተጎጂ የሚል ካርድ ተሰጥቷቸው ነበር» አለኝ። «በየዓመቱ ምርመራ፣ ለልጆቻቸው የማረፊያ ቦታ። ቢያንስ ታማችኋል ያላቸው አለ። እኛን ዲፕሎማችንን ሰጥተው ሸኙን።»

«ጓደኛህን ጠይቀው እንጂ!» አልኩት ተናድጄ።

«ምን ብዬ? አንገትህን አሞሃል ወይ ልበለው? በጤነኛ ሰው ላይ ላሟርት?»

ሚኒሶታ የተወለደችው ልጄ ከሶፋው ላይ ሆና «አንክል፣ ጀስት ኮል ሂም!» አለችው። እሷ ምን ታውቃለች። እኛ የበሽታ ስም አፍ ላይ ሲወጣ ሰው ላይ የሚያርፍ የሚመስለን ሕዝብ ነን።

ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጨረር ያለበት እንክብል ዋጠ። ያ ነገር ሰውነቱ ውስጥ እስካለ ድረስ ለጥቂት ቀን ማንም እንዳይጠጋው ተባለ፤ ሳህኑ ለብቻ፣ ሽንት ቤቱ ለብቻ። እኛ ደግሞ በሽተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው ተብለን ያደግን። በር ላይ ምግቡን አስቀምጬ ወደ ኋላ ስሸሽ ራሴን ጠላሁት። ታዲያ በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ጓደኛው ነው፤ ሾርባ በቴርሞስ ይዟል።

«በስልክ ጉንፋን ይዞታል አልሽኝ። ልየው ብዬ ነው።»

«ተኝቷል» አልኩት።

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ኡኡ ማለት አማረኝ። «ነቅቷል እኮ፣ እትዬ» አለና ፈገግ ብሎ ሊገባ ሲል በክንዴ በሩን ያዝኩት። ጠያቂ ከበር ሲመለስ አይቼ አላውቅም፤ እኔ መለስኩ። ፊቱ ተለወጠ። ቴርሞሱን ደፉ ላይ አስቀምጦ «በሉ፣ እግዜር ይማረው» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ወንድሜ በተዘጋው በር ውስጥ ሆኖ «ድምፁን ሰማሁት» አለኝ።

ሰውየው ተቀየመ። ለምን አይቀየም! ቀኖቹ አልፈው ወንድሜ ሰው መጠጋት ሲፈቀድለትም አልመጣም። በዓል ሲሆን ቴክስት ያደርጋል፣ በቃ። ሻኮፒ በምሠራበት መጋዘን በብሬክ ሰዓት ስንቴ ቁጥሩን አውጥቼ አየሁት። ማታ ወንድሜን «ቃሌን መልስልኝ፣ ልንገረው» ብዬ ለመንኩት። «እሱ ደህና ሆኖ ይኑር፣ ተይው» አለኝ።

በሽታው ሳንባው ገባ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ድምፁ እየጠፋ ሄደ፤ ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ነበር የምሰማው። አንድ ቀን ከንፈሩን በውሃ እያረጠብኩለት «ከዚያ ክፍል እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» አለኝ።

«አንተ ደግሞ፣ በምን አወቅህ?»

«ጓደኛዬን ቢያመው ይነግረኝ ነበር። እሱ ከእኔ የሚደብቀው ነገር የለውም።»

በዚያው ሳምንት አረፈ።

ለቅሶውን የቸርቻችን አዳራሽ ተቀመጥን። ከበር የመለስኳቸው፣ በስልክ የዋሸኋቸው ሁሉ ድስት ድስታቸውን ይዘው መጡ፤ አንድም የወቀሰኝ የለም። ጓደኛው ገና ከበሩ «ወንድሜ! ወንድሜን!» እያለ ገባ። ሰዎች ደግፈው አጠገቤ አስቀመጡት። ትንሽ ሲረጋጋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እትዬ፣ ምን ነበር?» አለኝ። ከእንግዲህ ምን ቃል አለ?

«ካንሰር ነው» አልኩት። «አንገቱ ላይ። ያን ቀን የመለስኩህ እንክብሉን ውጦ ስለነበር ነው፣ ሰው እንዳይጠጋው ብለውን።»

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ በሁለት ጣቱ ዝቅ አደረገው። ከጉሮሮው በታች፣ ልክ ወንድሜን በቀደዱበት ቦታ፣ የድሮ የስፌት ጠባሳ ተጋድሟል።

«ከቀደዱኝ አምስት ዓመቴ» አለኝ። «ሲያትል ዘመድ ጋ ነኝ ብዬ እዚሁ ሆስፒታል ነው የተኛሁት። እንክብሉንም ውጫለሁ። ለእሱ ብነግረው ይደነግጣል፣ በራሱም ላይ ይፈራል ብዬ...»

በቡጢ ደረቱን መታሁት። በሁለት እጄ መታሁት፤ «አንተ! አንተ! አንተ!» እያልኩ። ሴቶቹ ኀዘን ያሰከረኝ መስሏቸው እጄን ያዙኝ። እሱ አልተከላከለም። እስክደክም ጠበቀና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ብቻውን እንዳልሆነ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም» አልኩት።