የስኬንደር ሁለት ወረቀቶች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2024፣ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮንየርስ በተባለች ከተማ በሚገኝ አንድ መጋዘን የሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የአባቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ስኬንደር ጡረታ ስለወጣ ኬክ ተቆርጦለታል። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል፤ በእሱ ቦታ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ተቆጣጣሪው፣ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል ትሑት ወጣት፣ ብድግ ብሎ የተሸኚውን ሕይወት በአራት ዐረፍተ ነገር አነበበ። ከአውሮፓ መጣ፤ ፎርክሊፍት ነዳ፤ አንድ ቀን እንኳ አርፍዶ አያውቅም፤ ሁላችንም እንወደዋለን። ተጨበጨበ። ስኬንደር ኬኩን በሹካ እየነካካ ወደ እኔ አየና ጠቀሰኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያልተነበበውን የምናውቀው እኔና ባለቤቱ ሚራ ብቻ ነበርን።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በጸደይ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ደንዉዲ በሚገኝ አንድ ቢሮ ሥራ ጀምሬያለሁ፤ የምንኖረው ግን አሁንም ክላርክስተን፣ ከየአገሩ የመጡ ስደተኞች በሚከራዩት አፓርታማ ውስጥ ነው። ስኬንደር ከኮሶቮ የመጣ አልባኒያዊ ነው፤ ከሚራና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖር ነበር። እሱና አባቴ በኮንየርሱ መጋዘን በአንድ ፈረቃ ስለሚሠሩ በአባቴ አሮጌ ቶዮታ አብረው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን እኔ ስለምፈልገው፣ ለትርፍ ሰዓት ሲገቡ አድርሻቸው እመለስ ነበር። ስኬንደርን በደንብ ያወቅሁት በዚያ መንገድ ላይ፣ መሪውን ይዤ ዝም ባልኩባቸው ሰዓቶች ነው።

አባቴ በቀድሞው ጦር ሻምበል ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ በሰሜን አማፅያንን ሲዋጋ ኖሯል። ይህን ከቤት ውጭ አያነሳም። አንድ ቅዳሜ ግን ከአውራ ጎዳናው ዳር ያለች ጥድ የለበሰች ኮረብታ እያመለከተ፣ «መትረየስ የሚጠመደው እዚያ ነበር» አለ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«እዚያ ካጠመድከው በጀርባህ እመጣለሁ» አለ ስኬንደር ከኋላ ወንበር።

አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ስንት ሰው አለህ?»

«ሠላሳ።»

«እኔ ካፒቴን ነኝ፤ ሻለቃ ጦር አለኝ!»

«ሻለቃህ ምሳ ሲበላ እመጣለሁ፣ ካፒቴን።»

«አንተ ወንበዴ!» ብሎ አባቴ በአማርኛ ጮኸ፤ በእሱ ዘመን መንግሥት አማፅያንን የሚጠራበት ስም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኬንደር በቤታችን «ወንበዴው» ሆኖ ቀረ። ትርጉሙን ሲጠይቅ አባቴ «ጀግና ማለት ነው» አለው። እውነተኛውን ከእናቴ የሰማ ዕለት ደግሞ ይበልጥ ኮራበት። ያችን ኮረብታ ለአንድ ዓመት ያህል በየቅዳሜው ተዋጉባት፤ አንዳቸውም አልያዟትም።

ስኬንደር ታሪኩን እንዲህ ቆራርጦ ነው የነገረን። የጂኦግራፊ መምህር ነበር። መንግሥት የአልባኒያውያኑን ትምህርት ቤት ሲዘጋበት ተማሪዎቹን በሰው ሳሎን፣ ካርታውን ከመጋረጃ ዘንግ ላይ ሰቅሎ አስተማረ። ጦርነቱ ሲመጣ መንገዱንና ሸለቆውን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ስላልነበር፣ ከመንደሩ የተነሡት ታጣቂዎች አዛዥ አደረጉት። ስለ ጀብዱ አያወራም። «አዛዥነት ካልሲ መቁጠር ነው» ይል ነበር። «በበረዶ ውስጥ ደረቅ ካልሲ የሌለው ሰው ስለ ነጻነት አይሰማህም።» አባቴም፣ «የእኛ ውሃ ነበር» ይለዋል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ የአፓርታማው ግቢ ዛፎች ቀልተው ቅጠላቸው በመኪኖቹ ላይ በሚረግፍበት ሰሞን፣ ስኬንደር ለራሱና ለቤተሰቡ የግሪን ካርድ ማመልከቻ እንድሞላለት ጠየቀኝ። በሰፈሩ ቅጽ የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ ስሕተት አላሳልፍም ተብዬ ስለምታወቅ። ዓርብ ማታ ሚራ ለውለታዬ ፍሊያ ይዛ ወረደች፤ ስስ ሊጥ በእሳት ላይ እየተደራረበ፣ በየንጣፉ መሐል ክሬም እየተቀባ የሚጋገር የአገራቸው ምግብ ነው። እናቴ ትጾም ነበርና ሽታው እያወዳት በምስጋና ተቀብላ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባችው። ቅዳሜ ማለዳ ስነሣ ግማሹ የለም።

በዚያ ዓርብ ማታ በሞላሁት ቅጽ ላይ «በታጠቀ ቡድን ውስጥ ነበሩ ወይ?» የሚል ጥያቄ አለ። በመቄዶንያ ድንበር ካምፕ ሲመዘገብ ሥራው «ግንበኛ» ተብሎ ነበር። አባቴ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ያኔ ያሉትን ነው የምትደግሚው። የድሮውና የአዲሱ ወረቀት መለያየት የለበትም» አለኝ። እኔም ግንበኛ ብዬ፣ «አልነበርኩም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ፣ አንድም ፊደል ሳልስት ጨረስኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስኬንደር ከሚራና ከልጆቹ ጋር ሌላ ወረቀት ይዞ በራችን ላይ ጠበቀን። ከእሱ ታጣቂዎች አንዱ ከነበረው ከበሲም ሚስት የተላከ ደብዳቤ ነው። ስኬንደር በበረዶው ወቅት ተራራ ላይ ዳሌው በፍንጣሪ ሲመታ፣ በሲም አዝሎ እስከ መንገድ አደረሰው። ሌላ ቁስለኛ ለማምጣት ሲመለስ «ልጆቼን» አለው። ስኬንደር ቃል ሰጠው። በሲም አልተመለሰም። እነሱ እንዲህ ያለውን ቃል ቤሳ ይሉታል፤ የሰጠ ሰው የቱንም ያህል ቢከብደው አይመልሰውም። አሁን የበሲም ሁለት ልጆች ሲዋጋ የወደቀ ሰው ልጆች ተብለው ተመዝግበው በነጻ እንዲማሩ፣ አዛዡ የነበረ ሰው በፊርማው መመስከር አለበት። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። «እኔ ስኬንደር፣ የበሲም አዛዥ የነበርኩ…»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁ፤ የስሙን አጻጻፍ ላመሳክር ነበር። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አንዱ መሣሪያ ይዞ አያውቅም ይላል፤ ሌላው ጦር መርቷል። ሁለቱንም በሦስት ቀን ውስጥ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ በፊደል ላይ አጎንብሼ ሰውየውን አላየሁትም። ወረቀቶቹን ወደ እሱ አዞርኳቸው።

ስኬንደር ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ግሪን ካርዱ ይቅደም» አለ አባቴ። «ልጆችህ እዚህ ናቸው። ምስክርነቱን ቆይተህ ትፈርማለህ።»

«የበሲም ልጆችስ ቆይተው ነው የሚያድጉት?»

«ቢመልሱህስ? ሚራንስ? ግንበኛ ሁንና ኑር፤ ማን ግንብ ሥራ ይልሃል!»

«ካፒቴን፣ አንተ ምን ብለህ ነው የገባኸው?»

እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ይንገሩት እንጂ፣ ሻምበል» አለች። «ልጅቷም ትስማ።»

«መምህር» አለ አባቴ።

ይህን አላውቅም ነበር። ለዜግነት ማመልከት ከሚችልበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ «ዘንድሮ ሥራ በዛ» ይለን ነበር፤ እኔም በስንፍና እተረጉመው ነበር። ለካስ የገባበትን ወረቀት ዳግም የሚጠይቀውን ቅጽ ፈርቶ ኖሯል።

ስኬንደር መሳቅ ጀመረ፤ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እኔ መምህር ነበርኩ፤ ግንበኛ አደረጉኝ። አንተ ወታደር ነበርክ፤ መምህር ሆንክ። ታዲያ ካፒቴን፣ ግድግዳውን ማን ይሠራዋል?» አባቴም ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቶቹን የሚያነሣ ጠፋ። ሚራ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ልጆቿን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ተቆጣጣሪው ያነበባቸው አራት ዐረፍተ ነገሮች ሐሰት አልነበረባቸውም። ስኬንደር በእርግጥም አርፍዶ አያውቅም። እኔ በሥራዬ ሰነድ ሳመሳክር ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ትክክል የሆነ ወረቀት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ግን ያ እሑድ ነው። ከዚያም በላይ፣ አባቴን የወደድኩት በሻምበልነቱ ሳይሆን በዚያ በአንዲት ቃል መልሱ መሆኑን ከእሱ ሞት በኋላ ነው የተረዳሁት። ይህን በሕይወት ሳለ ብነግረው ኖሮ ያፍር ነበር፤ እኔም አልችልበትም ነበር።

በዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ ሚራ ብቻዋን ወርዳ በራችንን አንኳኳች። በእንግሊዝኛዋ ሁልጊዜ ትሸማቀቅ የነበረችው ሴት ያን ቀን አልተሸማቀቀችም። «ካምፕ ውስጥ ግንበኛ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «እሱ ቃሬዛ ላይ ነበር፤ ራሱን አያውቅም። ፈራሁ፤ የወንድሜን ሥራ ሰጠሁት። መጀመሪያ የእኔን ቃል ጻፊ።» ስኬንደር ከኋላዋ ደረጃው ላይ ቆሟል፤ እንደ ተነጋገሩና እንደ ጨረሱ ከፊቱ ይታያል።

የተወሰነውም ይኸው ነበር። ዓርብ የሞላሁት ቅጽ ተቀደደ። አዲሱ ላይ «አዎ፣ ነበርኩ» ተብሎ እንዲጻፍ፣ የሚራ ቃል እንዲያያዝበት፣ የሚመጣውንም ሁሉ አብረው እንዲቀበሉ ተስማሙ። የበሲም ልጆች ምስክርነት ጠረጴዛችን ላይ ተፈርሞ በዚያው ቀን ፖስታ ቤት እንዲገባ ሆነ። አባቴ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ሥር ተንበርክኮ የሥራ ጫማውን ያስር ነበር። አስሮ ሲጨርስም ቀና አላለም።

«ቅዳሜ ለእኔም ቅጽ አምጪልኝ» አለኝ።

«የምን ቅጽ?» አለች እናቴ።

«የዜግነቱን። ሻምበል ብላ ነው የምትጽፈው።»